በጸጋ ከዳንን ሕጉን የምንጠብቀው ለምንድን ነው?

ማርታ በኩሽና (ክሩን የከፈተችው)

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፤ ታገሡኝ።

ከጥቂት ወራት በፊት አንድ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ቡድን ገባሁ። አስተማሪው ለእያንዳንዳችን ሠንጠረዥ አደለን። በግራ በኩል ጸሎት፣ ጾም፣ ንባብ፣ ምጽዋት፣ ምስክርነት ይላል። ከላይ የሳምንቱ ቀናት ተደርድረዋል። ያደረግሽው ላይ ራይት ታደርጊያለሽ። ከታች "ድምር" የሚል መስመር አለ። ስንሰበሰብ ሁላችንም ድምራችንን እናነባለን።

መጀመሪያ ወድጄው ነበር። እየቆየ ግን የሚገርም ነገር አየሁ። ድምሬ ከፍ ያለ ሳምንት እግዚአብሔር የሚወደኝ ይመስለኛል። ዝቅ ያለ ሳምንት ደግሞ ለመጸለይ ራሱ አፍራለሁ። አንዷ ጓደኛችን ድምሯ ስላነሰ ብቻ መምጣት አቆመች።

ከዚያ የገላትያን መልእክት በአንድ ቁጭታ አነበብኩት። ስድስት ምዕራፍ ናት፣ ቶሎ ታልቃለች። ጳውሎስ እንዴት እንደተቆጣ! በአብዛኞቹ መልእክቶቹ ከሰላምታ ቀጥሎ ያመሰግናል። እዚህ ግን ምስጋና የለም፤ በቀጥታ "እደነቃለሁ" ብሎ ይገባበታል። "ጽድቅስ በሕግ በኩል ከሆነ እንኪያስ ክርስቶስ በከንቱ ሞተ" ይላል (2፥21)። እፎይ አልኩ።

እፎይታዬ ብዙም አልቆየ። ያዕቆብን ከፈትኩ። "ሰው በእምነት ብቻ ሳይሆን በሥራ እንዲጸድቅ ታያላችሁ" (2፥24)። እና ግራ ገባኝ።

የምድነው በጸጋ ከሆነ ያ ሁሉ ራይት ምን ይሠራል? ራይቱ ግድ ከሆነ ደግሞ ጸጋው ምኑ ላይ ነው ጸጋ የሆነው? እባካችሁ "ሁለቱም ያስፈልጋል" ብላችሁ አትለፉኝ። እሱን ሰምቼዋለሁ።

ዘኬዎስ ከዛፉ

እህቴ ማርታ፣ እንኳን ጠየቅሽ። ጥያቄሽ የዛሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ49 አካባቢ ሐዋርያት ኢየሩሳሌም የተሰበሰቡት በዚሁ ጉዳይ ነው። የሐዋርያት ሥራ 15ን ክፈቺ። አንዳንድ ሰዎች ከይሁዳ ወርደው ከአሕዛብ ያመኑትን "ካልተገረዛችሁ ልትድኑ አትችሉም" አሏቸው። መገረዝ ጥሩ ነው ብቻ ቢሉ ኖሮ ያን ያህል ጠብ ባልተነሣ ነበር። ጳውሎስ ራሱ ጢሞቴዎስን ገርዞታል (16፥3)። ያስቆጣው "ልትድኑ አትችሉም" የሚለው ነው።

ጴጥሮስ ተነሥቶ የተናገረውን ደግሞ በጥንቃቄ አንብቢው። ቀንበሩን አባቶቻችንም እኛም መሸከም አልቻልንም አለ። ቀጥሎ "እነሱም እንደ እኛ ይድናሉ" ይላል ብለሽ ትጠብቂያለሽ። እሱ ግን ገለበጠው፤ እኛም እንደ እነሱ በጌታ በኢየሱስ ጸጋ እንድናለን አለ። ሕጉን ከልጅነቱ ጀምሮ የጠበቀው አይሁዳዊ፣ ሕጉን ባልሰማው አሕዛብ መንገድ ይድናል ማለት ነው። ለዚያ ጉባኤ ይህ ቀላል ንግግር አልነበረም።

ለእኔ ነገሩን የፈታልኝ ቅደም ተከተሉ ነው። ኦሪት ዘጸአትን እይ። በጉ የታረደው ምዕራፍ 12 ላይ ነው። ባሕሩ የተከፈለው 14 ላይ ነው። አሥሩ ትእዛዛት የመጡት 20 ላይ ነው። ሙሴ ገና በባርነት ሳሉ ጽላቱን ይዞ ሄዶ "እነዚህን ለአንድ ዓመት ከጠበቃችሁ አወጣችኋለሁ" አላላቸውም። መጀመሪያ ወጡ። ትእዛዛቱ ራሳቸው የሚጀምሩት በትእዛዝ አይደለም፤ "ከግብፅ ምድር ከባርነት ቤት ያወጣሁህ እግዚአብሔር አምላክህ እኔ ነኝ" በሚል ዐረፍተ ነገር ነው።

አብርሃምም እንዲሁ ነው። አመነ፤ ጽድቅ ሆኖ ተቆጠረለት። ይህ ዘፍጥረት 15 ላይ ነው። የተገረዘው ምዕራፍ 17 ላይ፣ በ99 ዓመቱ ነው። በመካከሉ እስማኤል ተወልዶ 13 ዓመት ሞልቶታል። ጳውሎስ ሮሜ 4 ላይ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፤ መቼ ተቆጠረለት? ተገርዞ ሳለ ወይስ ሳይገረዝ?

አሁን ኤፌሶን 2ን አንብቢ። ቁጥር 8 እና 9 "ጸጋው በእምነት አድኖአችኋልና" ብሎ "ማንም እንዳይመካ ከሥራ አይደለም" ይላል። ቁጥር 10 ላይ ለመልካም ሥራ ተፈጠርን ይላል። ሥራው አለ፤ ግን ከመዳን በኋላ ነው። የአስተማሪሽ ሠንጠረዥ ችግሩ ጸሎትና ምጽዋት መጻፉ አይደለም። ቁጥር 10ን አንሥቶ ቁጥር 8 ቦታ አስቀመጠው።

ቶማስ ካላየሁ

ዘኬዎስ፣ ጥሩ አድርገህ አስረዳህ። እኔን ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። ገንዘብ ተበድሮኝ የማይመልስ ሰው አለ። በየሄደበት ስለ ጸጋ ይሰብካል። ስጠይቀው "ወንድሜ፣ ከሕግ በታች አይደለንም እኮ" አለኝ። ኧረ ገንዘቡ የኔ ነው!

እንዲህ ዓይነቱን ሳይ "በጸጋ ብቻ" የሚለው ትምህርት ለሰነፍና ለአጭበርባሪ የተሠራ ይመስለኛል። ሰው ምንም ቢያደርግ ካልተጠየቀ ለምን ይጨነቃል?

ዘኬዎስ ከዛፉ

ቶማስ፣ ሳቅኩ። ይቅርታ። ሰውዬው ሮሜ 6ን ሲጠቅስ ሮሜ 13፥8ን ዘሎታል፤ ከመዋደድ በቀር ለማንም ዕዳ አይኑርባችሁ ይላል እዚያ።

ይህ ክስ በጳውሎስ ላይም ተነሥቷል። ሮሜ 3፥8 ላይ "መልካም እንዲመጣ ክፉ እናድርግ" ትላላችሁ ብለው ስማችንን ያጠፋሉ ብሎ ያማርራል። ምዕራፍ 6 ላይ ራሱ ያነሣዋል፤ ጸጋ እንዲበዛ በኃጢአት ጸንተን እንኑርን? መልሱ "አይደለም" ነው። ግን ልብ በል፤ "አይደለም፣ አለዚያ ትጠፋላችሁ" ብሎ በማስፈራራት አይደለም የሚመልሰው። ሞታችሁ ተነሥታችኋል፤ ሰዎቹ ያው አይደላችሁም ነው የሚለው።

ስሜን አይተሃል አይደል? ሉቃስ 19ን አንብብ። ጌታ ዘኬዎስን "መጀመሪያ የሰው ገንዘብ መልስ፣ ከዚያ ቤትህ እገባለሁ" አላለውም። ዛሬ በቤትህ እውላለሁ አለው። ሰዉ ሁሉ አንጎራጎረ። ዘኬዎስ ግን ማንም ሳያዝዘው ተነሥቶ የሀብቱን እኩሌታ ለድሆች እሰጣለሁ፣ የበደልኩትን አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ። በኦሪት በማታለል የተወሰደ ገንዘብ በፈቃድ ሲመለስ ዋናው ላይ የሚጨመረው አምስተኛው እጅ ነበር (ዘሌዋውያን 6)። አራት እጥፍ በግ ሰርቆ ያረደ ወይም የሸጠ የሚቀጣው ነው። ሰውዬው የቅጣቱን መጠን በገዛ እጁ በራሱ ላይ ጫነ። ሕጉ የጠየቀውን ብቻ ቢያደርግ ኖሮ አምስተኛውን ጨምሮ ይገላገል ነበር።

ስለዚህ ተበዳሪህ የሚለው ጸጋ ከየት እንደመጣ አላውቅም። የዘኬዎስ ዓይነት አይደለም።

ሰንበት ጠባቂ

ሁላችሁም አንድ ነገር ረስታችኋል። ጌታ ራሱ "ሕግንና ነቢያትን ለመሻር የመጣሁ አይምሰላችሁ" ብሏል (ማቴዎስ 5፥17)። የተሻረው የመሥዋዕትና የሥርዓት ሕግ ነው። አሥሩ ትእዛዛት ግን በእግዚአብሔር ጣት የተጻፉ ናቸው። አራተኛው ትእዛዝ ሰንበት ነው። "አትስረቅ" ካልተሻረ ሰንበት እንዴት ይሻራል? መልሱልኝ።

ዘኬዎስ ከዛፉ

ወንድሜ፣ ጥያቄህ የምር ነው። ነገር ግን ከዚህ ክር ጥያቄ ጋር አይምታታብን። ሰንበትን መጠበቅ መልካም ነው ወይ የሚለው አንድ ጉዳይ ነው። ሰንበትን ያልጠበቀ አይድንም ወይ የሚለው ሌላ ነው። ስለ ቀን ሮሜ 14፥5 እያንዳንዱ በገዛ አእምሮው አጥብቆ ይረዳ ይላል። ቆላስይስ 2፥16 ደግሞ በመብል ወይም በበዓል ወይም በሰንበት ማንም አይፍረድባችሁ ይላል። አንተ ጠብቅ፤ ለጌታ ብለህ ጠብቅ። ብቻ የድኅነት በር ላይ አታቁመው።

ሕጉ ጥቅም የለውም አላልኩም። ሮሜ 3፥20 ኃጢአት የሚታወቀው በሕግ ነው ይላል። ሕግ እንደ ቴርሞሜትር ነው፤ ትኩሳትህን በትክክል ይነግርሃል፣ ቢውጡት ግን አያድንም።

ሰንበት ጠባቂ

ቴርሞሜትር? መዝሙረኛው 176 ቁጥር ያለው መዝሙር (119ኛው) የዘመረው ለቴርሞሜትር ነው እንዴ? ሕግህን እንዴት ወደድሁ፣ ከማር ይልቅ ጣፋጭ ነው ይላል እኮ። ማንም ሰው የሚያጋልጠውን ብቻ እንዲህ አይወድም።

ዘኬዎስ ከዛፉ

ይሄን ተቀብያለሁ። ምሳሌዬ ግማሽ መንገድ ነው የሚሄደው። የዳነ ሰው ሕጉን ይወዳል፤ የሚወደውን የአምላኩን ጠባይ ያይበታልና። መዝሙረኛው ግን በመጨረሻው ቁጥር ምን ይላል? እንደ ጠፋ በግ ተቅበዘበዝሁ፣ ባሪያህን ፈልገው። ይህን ሁሉ ሕግ የወደደ ሰው ልመናው "ፈልገኝ" ሆነ።

አወያይ

የሰንበትና የእሑድ ክርክር የራሱ ክር ተከፍቶለታል። እባካችሁ እዚያ። እዚህ በማርታ ጥያቄ ላይ እንቆይ። "አንዴ የዳነ ለዘላለም ዳነ?" የሚለውንም እንዲሁ፤ ባለፈው መቶ ምናምን ኮሜንት ሄዶ ማንም ከአቋሙ ንቅንቅ አላለም።

ዲያቆኑ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። እኔ ከጥንታዊት ቤተ ክርስቲያን ወገን ነኝ። ዘኬዎስ የተናገረውን አብዛኛውን እቀበላለሁ። ግን "ብቻ" የምትለዋ ነገር ትከብደኛለች። እህታችን የጠቀሰችው ያዕቆብ 2፥24 በግልጽ "በእምነት ብቻ ሳይሆን" ይላል። ይህን ማለሳለስ አይቻልም።

እኛ ጸጋን ንቀን ሥራን እናመልካለን የሚል ወሬ አለ። ይህ ትክክል አይደለም። በቅዳሴያችን ተደጋግሞ የሚሰማው "አቤቱ ማረን" ነው፤ "ደመወዜን ስጠኝ" የሚል ጸሎት የለንም። ጥምቀት ለሕፃን እንሰጣለን። ሕፃኑ ምን ሠርቶ ነው? ከዚህ የበለጠ ነፃ ስጦታ ምን አለ?

ጾምና ስግደት እግዚአብሔርን የምንገዛበት ዋጋ አይደለም። ሥጋችን ለመንፈስ እንዲገዛ ነው። ጸጋው ሲሰጥ ሰው ተኝቶ አይቀርም። ጳውሎስ 1ኛ ቆሮንቶስ 15፥10 ላይ ከሁላቸው ይልቅ ደከምሁ ይላል፤ ወዲያው ደግሞ ከእኔ ጋር ያለው የእግዚአብሔር ጸጋ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም ይላል። ደክሟል፤ ድካሙ ግን የጸጋው ነው። ፊልጵስዩስ 2፥12 እና 13ም ይህንኑ ነው የሚለው። የራሳችሁን መዳን ፈጽሙ፤ መፈለግንም ማድረግንም በእናንተ የሚሠራ እግዚአብሔር ነውና።

እህቴ ማርታ፣ ያን ድምር የማንበቡን ነገር ግን እኔም አልወደድኩትም። ምጽዋትና ጾም በስውር እንዲሆን ጌታ ማቴዎስ 6 ላይ አዟል። ድምሩን በጉባኤ የሚያስነብብ ሰው ከእምነት ብቻ ወገን ሆነ ከእኛ ወገን፣ ያን ምዕራፍ ቢያነብ መልካም ነው።

የድሮ ተማሪ

ልጆቼ፣ ጨዋታችሁ ደስ ይላል። በዕድሜ ገፋ ስላልኩ በጥቂቱ ታሪክ ልጨምር።

"እነዚያ በሥራ እንድናለን ይላሉ" የሚባለውን ክስ በየቦታው እሰማለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ተከሳሹ እንዲያ አይልም። በአምስተኛው መቶ ዘመን ጵላግዮስ የተባለ መነኩሴ ሰው በተፈጥሮው ፈቃዱን ብቻ ተጠቅሞ ሕጉን መፈጸም ይችላል ወደሚል ትምህርት አዘነበለ። የሰሜን አፍሪካው ጳጳስ አውግስጢኖስ ተቃወመው። በ418 የካርታጎ ጉባኤ ትምህርቱን አወገዘ። በ529 የኦራንዥ ጉባኤ የእምነት ጅማሬ እንኳ ከጸጋ ነው አለ። የፕሮቴስታንት ተሐድሶን የጀመረው ሉተር የተነሣው በ1517 ነው፤ ከዚያ በፊት አንድ ሺህ ዓመት ገደማ ቀድሞ የምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን "ራሴን አዳንኩ" የሚለውን ዘግታበታለች።

የካቶሊኮች የትሬንት ጉባኤም ለሉተር መልስ ለመስጠት በ1547 ስለ መጽደቅ ባወጣው ውሳኔ፣ የመጀመሪያው ቀኖና የሚያወግዘው ፕሮቴስታንቶችን አይደለም። ሰው ያለ እግዚአብሔር ጸጋ በገዛ ሥራው ይጸድቃል የሚለውን ነው። ልዩነት የለም ማለቴ አይደለም፤ አለ፣ ሌሎቹ ቀኖናዎች ጠንካራ ናቸው። ግን ጠቡ ጸጋ ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም በሚለው ላይ አልነበረም። ጸጋው በሰው ውስጥ እንዴት ይሠራል በሚለው ላይ ነው። ጥቅምት 31 ቀን 1999 አውግስቡርግ ላይ ካቶሊኮችና የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ስለ መጽደቅ የጋራ መግለጫ ሲፈርሙ ከአራት መቶ ዓመት በላይ የቆየው ጉዳይ ቢያንስ በዋናው ነጥብ ረገበ። ሜቶዲስቶች በ2006፣ የተሐድሶ አብያተ ክርስቲያናት ኅብረት በ2017 ተቀላቀሉ። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ወደ ያዕቆብ ልመለስ። ማርታ ልጄ፣ ሁለቱ ሐዋርያት ፊታቸውን ወደተለያየ ሰው ነው ያዞሩት። ጳውሎስ የሚከራከረው "ተገረዝ፣ አለዚያ አትድንም" ከሚል ሰው ጋር ነው። ያዕቆብ የሚከራከረው ወንድሙ ራቁቱን ቆሞ ሲያየው "በደኅና ሂድ፣ እሳት ሙቅ" ብሎ ከሚሸኝ ሰው ጋር ነው (2፥15-16)። አጋንንትም ያምናሉ የሚለው ለዚህኛው ነው። ሁለቱም ደግሞ ዘፍጥረት 15፥6ን ይጠቅሳሉ፤ አንዱን ጥቅስ! ጳውሎስ ጥቅሱ በተነገረበት ቀን ላይ ቆሟል። ያዕቆብ ዓመታት ተራምዶ ምዕራፍ 22 ይስሐቅ መሠዊያው ላይ ወዳለበት ሄዶ፣ ያ እምነት ሐሰት እንዳልነበር አሁን ታየ ይላል።

በትውፊት መልእክቱን የጻፈው የጌታ ወንድም ያዕቆብ ነው። በኢየሩሳሌሙ ጉባኤ ከአሕዛብ የሚመለሱትን አናስቸግራቸው ብሎ የፈረደውም እሱ ነው። ገላትያ 2፥9 ላይ ለጳውሎስ ቀኝ እጁን የሰጠውም እሱ ነው። ተጣሉ የምንለው እኛ ነን።

ቶማስ ካላየሁ

ጋሼ፣ ይሄን ኮፒ አድርጌ አስቀመጥኩት። አንድ ነገር ልጠይቅዎት። አንዳንድ ምሁራን ጳውሎስ "የሕግ ሥራ" ሲል መልካም ሥራን ሁሉ ማለቱ ሳይሆን ግዝረትን፣ የመብልን ሕግና ሰንበትን ብቻ ነው፣ አይሁድን ከአሕዛብ የሚለየውን ምልክት ማለት ነው ይላሉ ሲባል ሰምቻለሁ። እውነት ነው? ከሆነ የዘኬዎስ ክርክር ግማሹ ፈረሰ ማለት ነው።

የድሮ ተማሪ

ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ብዙ የተጻፈበት ነው። ፍሬ ነገሩ የማይናቅ ነው። በገላትያ እውነተኛው ጠብ ማዕድ ላይ ነው። ጴጥሮስ አንጾኪያ ላይ ከአሕዛብ ጋር ይበላ ነበር፤ ከግዝረት ወገን የሆኑ ሰዎች ሲመጡ ግን ፈርቶ ከማዕዱ ተለየ፤ በርናባስ እንኳ ተከተለው። ጳውሎስ በሁሉ ፊት ገሠጸው። ማን ከማን ጋር ይቀመጣል የሚለው ጥያቄ እዚያ አለ።

ከሙት ባሕር ዋሻዎች በአራተኛው የተገኘና በ1994 በይፋ የታተመ አንድ ጽሑፍ አለ። ስለ "የሕግ ሥራዎች" ይናገራል፤ የሚዘረዝራቸውም አብዛኞቹ የንጽሕናና የቤተ መቅደስ ጉዳዮች ናቸው። መጨረሻ ላይ እነዚህን ብታደርጉ ጽድቅ ሆኖ ይቆጠርላችኋል ይላል። ጳውሎስ እንዲህ የሚያስቡ ሰዎችን ከራሱ ፈጥሮ አልተከራከረም ማለት ነው።

ግን "ብቻ" ያልከው ላይ አልስማማም። ሮሜ 7፥7ን ክፈት። ሕጉ ኃጢአቴን አሳወቀኝ ሲል የሚጠቅሰው ትእዛዝ የትኛው ነው? "አትመኝ" የሚለው ነው። ይህ አይሁድን ከአሕዛብ የሚለይ ምልክት አይደለም፤ ማንም ከውጭ አያየውም። ቲቶ 3፥5 ደግሞ በጽድቅ ያደረግነው ሥራ ብሎ በሰፊው ነው የሚያስቀምጠው። ስለዚህ ዘኬዎስ አይዞህ፣ አልፈረሰብህም።

ማርታ በኩሽና

ሁላችሁንም አነበብኳችሁ፤ ሁለት ጊዜ። አመሰግናለሁ።

ሉቃስ 18 ላይ ያለው ፈሪሳዊ ትዝ አለኝ። ሰውዬው የኔ ዓይነት ሠንጠረዥ ነበረው እኮ! በሳምንት ሁለት ጊዜ እጦማለሁ፣ ከማገኘው ሁሉ አሥራት አወጣለሁ። ድምሩን እያነበበ ነው። ቀራጩ ግን ምንም የሚያነበው የለውም። "አምላክ ሆይ፥ እኔን ኃጢአተኛውን ማረኝ" ብቻ።

ታዲያ ምን ላድርግ? ሠንጠረዡን ቀድጄ ልጣለው? ደግሞ ስተወው ጸሎቱንም እንዳልተወው እፈራለሁ። ራሴን አውቃለሁ።

የድሮ ተማሪ

ልጄ፣ ስለ ፈሪሳዊው አንድ ነገር ልጨምርልሽ። ኦሪት በዓመት አንድ ቀን፣ የስርየት ቀን ነው ሰውነትን አዋርዱ የሚለው። እሱ በሳምንት ሁለቴ ጾመ። ሕጉን የጠበቀ ብቻ አይደለም፤ አሳልፎታል። ውሸታምም አልነበረም። አላደረክም አላለውም ጌታ። የሚገርመው ጸሎቱ በምስጋና ነው የሚጀምረው፤ "አመሰግንሃለሁ" ይላል። ችግሩ ዓይኑ ወደ ጎን ነው፤ "እንደዚህ ቀራጭ" ይላል። ድምር ሁልጊዜ የሌላ ሰው ድምር ይፈልጋል። የናንተም በጉባኤ የሚነበበው ለዚሁ ይመስለኛል።

ቅደጂው አልልሽም። ለማስታወሻ ከጠቀመሽ ያዢው። የታችኛውን መስመር ግን በወፍራም እስክሪብቶ ሰርዢው። አዲስ ሳምንት ደግሞ ካለፈው ዕዳ ይዞ አይጀምር። ጸሎት ያጎደልሽ ቀን ለመጸለይ ካፈርሽ፣ ያኔ ቀራጩ ያለውን በይ። አጭር ናት፤ ጊዜ አትወስድም።

ቶማስ ካላየሁ

ማርታ፣ አስተማሪሽን በሁሉ ፊት ገሥጪው። ጳውሎስ ጴጥሮስን እንዲያ አላደረገም እንዴ? 😄

የድሮ ተማሪ

ቶማስ፣ ልጅቷን ጠብ ውስጥ አትክተት። ጴጥሮስ በሰው ፊት ነው የተለየው፤ ሌሎችን ጎትቷል። ያ አስተማሪ ምናልባት ሰነፎች እንዳይሆኑ ብሎ ይሆናል። ብቻውን ይነገረው። ገላትያ 6፥1 በየዋህነት መንፈስ ይላል፤ ያው የተቆጣው መልእክት ነው።

ዲያቆኑ

ዘኬዎስ ወንድሜ፣ አንድ ነገር ሳንጨርስ እንዳንለያይ። አብርሃም "ተቆጠረለት" በሚለው ላይ ቆመሃል። እኔ ግን እግዚአብሔር ጻድቅ ብሎ ሰውን ሲጠራው ስም ብቻ ለጥፎ አይተወውም እላለሁ። 2ኛ ቆሮንቶስ 5፥17 አዲስ ፍጥረት ነው ይላል። ሮሜ 8፥4 የሕግ ትእዛዝ በእኛ ይፈጸም ዘንድ ይላል። "በእኛ" ነው የሚለው፤ ስለ እኛ በሰማይ መዝገብ ላይ ብቻ አይደለም። መጽደቅ ፍርድ ብቻ ሳይሆን መለወጥም ነው።

ዘኬዎስ ከዛፉ

ዲያቆን፣ መለወጡን አልካድኩም። እኔ ያልኩት መለወጤ የመቀበሌ መሠረት አይደለም ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። ለውጤ ገና አላለቀም። የምቆመው በለውጤ መጠን ከሆነ ዛሬም ነገም እንደ ማርታ ድምሬን ሳይ ልኖር ነው። ሮሜ 4፥5 ኃጢአተኛውን በሚያጸድቅ ለሚያምን ይላል። ከተስተካከለ በኋላ አይልም፤ ኃጢአተኛውን ነው የሚለው።

በመስቀሉ ላይ የነበረውን ወንበዴ እይ። አልተጠመቀም፣ አልጾመም፣ የሰረቀውን አልመለሰም። እጁም እግሩም ተቸንክሯል። "ዛሬ ከእኔ ጋር በገነት ትሆናለህ" ተባለ።

ዲያቆኑ

ወንበዴውን ልታነሣ እንደሆነ ጠርጥሬ ነበር። እኛም በጣም እንወደዋለን። ግን ደግመህ አንብበው፤ ሉቃስ 23፥40 ጀምሮ። ጓደኛውን ገሠጸ። የተፈረደብን በእውነት ነው ብሎ ኃጢአቱን ተናዘዘ። ሁሉ ሲሳለቅ ለጌታ ንጽሕና መሰከረ። ከዚያ አስበኝ ብሎ ለመነ። እጁና እግሩ ቢቸነከር የቀረችው ምላሱ ናት፤ በእሷ የሚቻለውን ሁሉ ሠራ። ዕድሜ ቢሰጠው ደግሞ እንደ አንተ ስም ባለቤት አራት እጥፍ ይመልስ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ዘኬዎስ ከዛፉ

እኔም አምናለሁ። ግን "ዛሬ" የተባለው ለምላሱ ሥራ ክፍያ ነው ትላለህ?

ዲያቆኑ

አልልም። ሎቱ ስብሐት! ክፍያ ብል ከጵላግዮስ ጋር ቆምኩ ማለት ነው። እኔ የምለው እምነቱንና ንስሐውን ለያይቼ አንዱን ለመዳን፣ አንዱን ለማስረጃ ማስቀመጥ አልችልም። አንድ ሰው ነው፤ በአንድ ትንፋሽ ነው አምኖ የተናዘዘው።

ዘኬዎስ ከዛፉ

እሺ፣ እዚህ ላይ ነው የምንለያየው እንግዲህ። እኔ እለያቸዋለሁ፤ ሁለቱ የተነጣጠሉ ስለሆኑ ሳይሆን፣ አንዱ ሲደክም ሌላው ላይ መደገፍ ስላለብኝ። ንስሐዬ አንዳንድ ቀን በጣም ቀዝቃዛ ናት። የዚያን ቀን "ንስሐህ በቂ ሙቀት አላት?" ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው አልፈልግም። ክርስቶስ በቂ ነው ወይ ብሎ ይጠይቀኝ።

ዲያቆኑ

እኔ ደግሞ ንስሐዬ የቀዘቀዘች ቀን ወደ ንስሐ አባቴ እሄዳለሁ። እሳቸውም የሚጠይቁኝ አንተ ያልከውን ነው።